«በነጻ» ስለሚባለው ቲኬትና ስለ ዱቤ ካርድ አመራረጥ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከአንባቢያን አምድ ላይ ጥቂት ስፍራ ቢፈቀድልኝ፣ በባዕድ አገር ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ላላቸው ወገኖቼ ይጠቅማል ያልኩትን አሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ። እኔ በጉንደ ወይን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የምጽፈውም ስለ አንዲት ትንሽ ካርድ ነው። ካርዷ ከመዳፍ አትበልጥም፤ ነገር ግን በቤታችን ያመጣችው ኀዘን ቀላል ስላልነበረ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመነሻው ልጀምር።

የታላቅ እኅቴ ልጅ ወደ አሜሪካ ከሄደ ሰባት ዓመት አልፎታል። በዋሽንግተን አጠገብ በሜሪላንድ ግዛት ተቀምጦ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ሌሊት ሌሊት እየሠራ ይኖራል። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ስልክ ደወለና «ጋሼ፣ ደስ ይበልዎ፤ ለፋሲካ እመጣለሁ። ቲኬቱም በነጻ ነው» አለኝ። «እንዴት በነጻ?» ብለው፣ የያዘው የዱቤ ካርድ ዕቃ በገዛበት ቁጥር የበረራ ማይል እንደሚያጠራቅምለት፣ ማይሉም ሲሞላ አየር መንገዱ ያለ ገንዘብ እንደሚያሳፍረው ነገረኝ። እኔም ደስታው አሸንፎኝ፣ የሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ረስቼ፣ ሌላ አንድም ጥያቄ ሳልጨምር ለእናቱ አበሰርኩ።

እኅቴ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። ሙክት አሰረች፤ ጌሾ አስወቀጠች፤ ቤቱን ኖራ አስቀባች፤ ጎረቤቱንም ሁሉ «ልጄ በነጻ ሊመጣ ነው» እያለች አዳረሰች። በሆሣዕና ዕለት ማታ ግን ስልክ ተደወለ። «ጋሼ፣ አልተሳካም፤ ለእናቴ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለ። ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «በነጻ ከሆነ ማን ከለከለው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የምመልሰው አጣሁ።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ሒሳብ ያስተማሩን መምህር፣ እርሳስ ከማንሣታችን በፊት «ጥያቄው ምን ሰጠህ? ምንስ ደበቀህ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። የእኅቴን ጥያቄ ለመመለስ ይህንኑ ዘዴ ያዝኩ። በፋሲካ ሳምንት፣ በእኛ ሌሊት በእነርሱ ቀን ሲሆን፣ ልጁ የካርዱን ወረቀቶች ሁሉ ፎቶግራፍ እያነሣ ላከልኝና አብረን አነበብናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያልፍ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ የቆመ አንድ ወጣት ፎርም አስሞላው። ውሉ «በሦስት ወር ውስጥ 3,000 ዶላር በካርዱ ብታወጣ 40,000 ማይል ጉርሻ ታገኛለህ» ይላል። ልጁ በሦስት ወር 3,000 ዶላር የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጉርሻው እንዳያመልጠው ብሎ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ሶፋና ሌላም ሌላም ዕቃ ገዛ። ያገራችን ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ይህንን ነው። ጉርሻውን በእርግጥ አገኘ። ሊጠቀምበት ሲል ግን ማይሉ የሚሠራው በዚያው በአሜሪካና በአቅራቢያዋ ባሉ ከተሞች መካከል ብቻ በሚመላለስ አንድ አየር መንገድ እንደ ሆነ ተረዳ። ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው አልሆነም። ዕዳው ግን የትም አልሄደም።

አሁን የዚህን ካርድ ታሪክ ባጭሩ ልግለጽ፤ ሥሩን ያላወቀ ፍሬውን መለየት አይችልምና። ዱቤ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በየባለሱቁ እጅ የዱቤ ደብተር አለ፤ ባለሱቁም ተበዳሪውንና ቤቱን ስለሚያውቅ ያምነዋል። አሜሪካኖች ያደረጉት ይህን ደብተር ወደ ካርድ መለወጥ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዳይነርስ ክለብ የሚባል ማኅበር፣ ምግብ ቤት ገብቶ በልቶ በኋላ መክፈል የሚያስችል ካርድ አወጣ። በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ በምትባል ከተማ፣ ሳይጠየቅ 60,000 ያህል ካርድ በፖስታ ቤት በኩል ለሕዝቡ አደለ። ይህ ካርድ በ1976 ስሙ ተለውጦ ዛሬ ቪዛ የምንለው ሆነ። በ1981 ደግሞ አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው አየር መንገድ፣ ደንበኛው በበረረበት ርቀት ልክ ማይል እየቆጠረ ነጻ ቲኬት የሚሰጥበትን ሥርዓት ጀመረ። ቆይቶም ባንኮች ከአየር መንገዶች ማይል በጅምላ እየገዙ፣ በካርዳቸው ዕቃ ለሚገዛ ሰው በችርቻሮ ማደል ያዙ። ዛሬ ለትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ማይል ለባንክ መሸጥ ራሱን የቻለ ትልቅ ገቢ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ማይል ከሰማይ የወረደ መና እንዳልሆነ ልብ ይሏል። የሚከፍለው ሰው አለ። አንደኛው ከፋይ ባለሱቁ ነው፤ በአሜሪካ በካርድ ከሚሸጠው ከመቶው ሁለት ያህል ስለሚቆረጥበት እርሱም በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ሁለተኛው ከፋይ ዕዳውን በወሩ ያልዘጋ ደንበኛ ነው። በዚያ አገር የዱቤ ካርድ ወለድ በእነዚህ ዓመታት በዓመት ከመቶ ሃያ በላይ ሆኗል። ይህ በእኛ አገር አራጣ ብለን የምንሸሸው ዓይነት ነው።

በዳግም ትንሣኤ ማግስት የልጁን ጉዳይ፣ ስሙን ሳልጠራ፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። ዕዳ 3,000 ዶላር፤ ወለድ በዓመት ከመቶ 21፤ በየወሩ የሚከፈል 85 ዶላር፤ ጊዜው ሁለት ዓመት። ተማሪዎቹም ወር በወር እያሰሉ ሄዱ። በመጀመሪያው ወር ብቻ ወለዱ 52 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆነ። ከተከፈለው 85 ዶላር ከዋናው ዕዳ ላይ የተቀነሰው 32 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። ሃያ አራተኛው ወር ላይ ሲደርሱ የተከፈለው በጠቅላላው 2,040 ዶላር ሲሆን፣ የቀረው ዕዳ 2,041 ዶላር ሆኖ ተገኘ። ክፍሉ ጸጥ አለ። «መምህር፣ ተሳስተን ይሆናል» ብለው እንደገና አሰሉት፤ ያው ነው። ለወለድ የሄደው 1,081 ዶላር ነው። የካርዱን ዓመታዊ ክፍያ ገና አልቆጠርንም።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ጉርሻው በገንዘብ ቢታሰብ ስንት ነው?» አለችኝ። አንድ ማይል ብዙ ጊዜ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ካለ ዋጋ ስለማያልፍ፣ 40,000 ማይል ወደ 400 ዶላር ግድም እንደ ሆነ ነገርኳት። «እንግዲያውስ ሰውዬው 400 ዶላር ለማግኘት 1,081 ዶላር ከፈለ፤ በወለዱ ብቻ ቲኬት መግዛት አይችልም ነበር?» አለች። በእርግጥም መንገደኛ በማይበዛበት ወራት ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ የሚበቃ፣ ባይበቃም ጥቂት ብቻ የሚቀረው ገንዘብ ነው። የእኅቴን ጥያቄ የመለሰችልኝ ይህች ልጅ ናት። ልጁን የከለከለው ያ «በነጻ» የተባለው ነገር ራሱ ነው።

ይህን ስል ካርዱን ሁሉ ለማውገዝ አይደለም፤ ቢላዋ ቆረጠኝ ብሎ ቢላዋ የሚጥል የለም። ሒሳቡን አስቀድሞ ለሠራ ሰው ማይል ይጠቅማል። በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዴቪድ ፊሊፕስ የተባለ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ፣ አንድ የምግብ ኩባንያ በዕቃው ወረቀት ላይ ማይል ማደሉን አይቶ፣ በኩባንያው ከሚሸጠው ሁሉ ርካሹ ፑዲንግ የሚባለው ጣፋጭ እንደ ሆነ ደረሰበት። 12,150 ጣሳ ፑዲንግ በ3,140 ዶላር ገዛ፤ ወረቀቱን እየላጠ ልኮም ከ1,250,000 በላይ ማይል አገኘ። ጣፋጩን ለችግረኞች እርዳታ ሰጠ። እርሱ ያተረፈው ከመግዛቱ በፊት ስላሰላ ነው። የእኔ የእኅት ልጅ የከሰረው ከገዛ በኋላ ስላሰላ ነው።

ስለዚህ ማይል የሚያስገኝ ካርድ ለመያዝ የሚያስብ ወገናችን ቢመለከታቸው የምላቸውን ነጥቦች በተራ እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ የወሩን ሒሳብ በወሩ ሙሉ በሙሉ የማይከፍል ሰው ማይል የሚያስገኝ ካርድ ባይዝ ይሻለዋል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ወለዱ ዝቅ ያለ ካርድ ነው። በአሜሪካ በ2009 በወጣው ሕግ መሠረት የሒሳቡ ወረቀት የመክፈያው ቀን ከመድረሱ ቢያንስ 21 ቀን አስቀድሞ መላክ አለበት። በወረቀቱም ላይ ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ ቢከፍል ዕዳው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ ሊጻፍለት ይገባል። የእኅቴ ልጅ ይህ ሰንጠረዥ በየወሩ እየደረሰው አንድ ቀን እንኳ አላነበበውም ነበር።

ሁለተኛ፤ ካርድ ሲመረጥ ከካርዱ ሳይሆን ከመድረሻው መነሣት ነው። የእኛ ሰው መድረሻው ቦሌ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አድርጓል። የራሱም ሸባ ማይልስ የሚባል የማይል ሥርዓት አለው። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ ወደሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ስለ ገባ፣ በዚሁ ኅብረት ውስጥ ባለ በሌላ አየር መንገድ የተጠራቀመ ማይል በእርሱም አውሮፕላን ላይ ሊሠራ ይችላል። ከአሜሪካ አየር መንገዶች በዚህ ኅብረት ያለው ዩናይትድ ነው። ሉፍታንዛና የቱርክ አየር መንገድም የዚሁ ኅብረት አባላት ናቸው። እንግዲህ ፎርም ከመሙላት በፊት «ይህ ማይል ቦሌ ያደርሰኛልን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ጉርሻውን ለማግኘት ተብሎ ዕቃ አይገዛም። ያለ ካርዱም ሊወጣ ግድ የነበረ የቤት ኪራይ፣ የምግብ ወይም የትምህርት ወጪ ብቻውን የተባለውን መጠን የሚሞላ ከሆነ ጉርሻው ጥቅም ነው። የማይሞላ ከሆነ ግን ይቅር።

አራተኛ፤ ዓመታዊውን ክፍያ ከሚገኘው ማይል ዋጋ ጋር ማመዛዘን ነው። ብዙዎቹ ካርዶች ለአንድ ዶላር አንድ ማይል ይሰጣሉ። በዓመት 10,000 ዶላር በካርድ የሚያወጣ ሰው የሚያገኘው 10,000 ማይል፣ ማለት ወደ 100 ዶላር ግድም ነው። ዓመታዊው ክፍያ 95 ዶላር ቢሆን የተረፈው 5 ዶላር ነው። ለእንደዚህ ያለው ሰው ከመቶው አንድ ተኩል ወይም ሁለት በጥሬ ገንዘብ የሚመልስ፣ ዓመታዊ ክፍያም የሌለው ካርድ ይበልጥበታል። ገንዘብ በማንኛውም አየር መንገድ ቲኬት ይገዛልና።

አምስተኛ፤ ካርዱን አገር ቤት ይዞ የሚመጣ ሰው በውጭ አገር ግብይት ላይ የሚታሰበውን ጭማሪ አስቀድሞ ይጠይቅ። ብዙ ካርዶች ከመቶው ሦስት ያህል ይጨምራሉ፤ ምንም የማይጨምሩም አሉ።

ስድስተኛ፤ ማይል እንደ እህል ነው፤ በጎተራ ብዙ ሲቆይ ይነቅዛል። አንዳንዱ ማይል ጊዜው ሲያልፍ ይጠፋል። የማይጠፋውም ቢሆን አየር መንገዱ ለቲኬት የሚጠይቀውን የማይል ብዛት ሊጨምር ይችላል። በነጻ ለሚሄድ ሰው የሚሰጠው ወንበር የተወሰነ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ በሚጓዝበት በበዓል ሰሞን በቀላሉ አይገኝም። ግብሩና ልዩ ልዩ ክፍያውም በገንዘብ ይከፈላል። ስለዚህ በማይል የሚጓዝ ሰው ቲኬቱን በእጁ ሳይዝ ለእናቱ «እመጣለሁ» ብሎ አይደውል።

በአውሮፓ ለሚኖሩት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባወጣው ደንብ፣ በዱቤ ካርድ ሲገዛ የባለሱቁ ባንክ ለካርዱ ባንክ የሚያስተላልፈው ሒሳብ ከመቶው ከ0.3 እንዳይበልጥ ወስኗል። ምንጩ ሲጠብብ ማይሉም ያንሳል። ከአሜሪካ ዘመድ ስለ ማይል የሰሙት ሁሉ በሮማ ወይም በስቶክሆልም እንደዚያው አይሆንም።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ለጉንደ ወይን ሰው ምኑ ነው?» ይል ይሆናል። በእኛ አገር ባንኮች የሚሰጡት ካርድ በአመዛኙ ከገዛ ራሳችን ተቀማጭ ላይ የሚያወጣ ስለ ሆነ የዱቤ ካርድ ገና አልተስፋፋም። ነገር ግን ዱቤ በሌላ በር ገብቷል። ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በቴሌብር አማካይነት በእጅ ስልክ መበደር ተችሏል። ማይል የሚያስገኝ፣ ጉርሻ የሚሰጥ፣ «ዛሬ ውሰድ ነገ ክፈል» የሚል ነገር ሁሉ ወደ እኛም መምጣቱ አይቀርም። በሥልጣኔ መጠቀም መልካም ነው፤ ሒሳቡን ሳያውቁ መጠቀም ግን በጨለማ ገበያ እንደ መውጣት ነው። ስለዚህ የሒሳብ መምህራን ጓደኞቼ የወለድን ትምህርት ሲያስተምሩ፣ ከመጽሐፉ ምሳሌ ጋር እንዲህ ያለውን ከኑሮ የተወሰደ ጥያቄ ቢጨምሩበት መልካም ነው እላለሁ። ባንኮችም ጉርሻውን በትልቅ ፊደል ወለዱን በትንሽ ፊደል ከመጻፍ ይልቅ፣ ሁለቱን በአንድ መጠን ቢጽፉልን ምስጋናችን የበዛ ነው።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጆቻችን በሰው አገር በሌሊት ሥራ የሚያገኙት ገንዘብ እኛ እንደምናስበው የሚታፈስ አይደለም። «መቼ ትመጣለህ? እገሌ እኮ መጣ» እያልን ስናስጨንቃቸው፣ ከኀፍረት የተነሣ የሌላቸውን እንዳላቸው አድርገው ይናገራሉ። የእኅቴ ልጅ ዕዳውን የሸሸገን ከእኛ ፈርቶ ነው። በዚያ አገርም ቢሆን ከአባቶቻችን የወረስነው ዕቁብ አለ። አሥራ ሁለት ሰዎች በወር መቶ ሃምሳ መቶ ሃምሳ ዶላር ቢጥሉ፣ ዕጣ የደረሰው 1,800 ዶላር ያነሣል። ይህ ወለድ የለበትም፤ ጊዜውም አያልፍበትም፤ ወደየትኛውም አየር መንገድ ያስኬዳል።

የልጁን መጨረሻ ለማወቅ ለሚሻ አንባቢ ልናገር። ካርዱን በመቀስ ቆርጦ ጣለው። እሑድ እሑድ ተጨማሪ ሥራ ይዞ፣ በየወሩ በ85 ዶላር ፈንታ 255 ዶላር መክፈል ጀመረ። በዘጠኝ ወር፣ ባለፈው ጥር፣ የመጨረሻውን ዕዳ ዘጋ። ከዚያም ከጓደኞቹ ጋር ዕቁብ ገባ። ዓመታዊ ክፍያ የሌለው፣ በወሩ የሚዘጋው አንድ ካርድም ይዟል፤ ማይሉ ሲመጣ ይምጣ፣ ባይመጣም አይቀየምም። ገና አልመጣም። ሙክቱ ባለፈው ፋሲካ ያለ እርሱ ታርዶ ተበላ።

ባለፈው ሳምንት ሲደውል እናቱን አገናኘሁት። ስለ ማይልና ስለ ወለድ ያስረዳኋትን ሁሉ በዝምታ ሰምታ ነበር፤ ምን ያህል እንደ ገባት አላወቅሁም ነበር። ስልኩን ተቀብላ ጤንነቱን ከጠየቀችው በኋላ እንዲህ አለችው፦ «ልጄ፣ ሁለተኛ በነጻ እመጣለሁ እንዳትለኝ። ሲሆንልህ በገንዘብህ ና፤ እኔ እቆይሃለሁ።»

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ የሒሳብ አስተማሪ
ከጉንደ ወይን